ሩጫ ጀምሮ በመካከል ለተሰናከለ ሰው

በአምስተኛው ሳምንት ሩጫውን የተወ ሰው በየቤቱ አይጠፋም። ይኸውም በመጀመሪያ ማልዶ ሲነሣ ቤተ ሰቡ ሁሉ ያደነቀው፤ ከዚያም አንድ ቀን ጉልበቱን አሞት፥ አንድ ቀን ዝናብ ከልክሎት፥ አንድ ቀን እንግዳ መጥቶበት ሦስት ጊዜ ከቀረ በኋላ አዲሱን ጫማ ወደ ቁም ሣጥን የመለሰው ነው። እንደዚህ ያለውን ሰው ሰነፍ ማለት ቀላል ነው፤ እኛ ግን እንደዚያ አንልም። አብዛኛውን ጊዜ የጐደለው ትጋት ሳይሆን፥ መሰናክል በገጠመው ቀን ምን ሊያደርግ እንደሚገባው አስቀድሞ የነገረው ሰው ነው። ይህንንም የምንጽፈው ይልቁንም ሐኪም የደም ግፊቱን ወይም የስኳሩን ነገር መርምሮ «መንቀሳቀስ ያስፈልግዎታል» ላለው ሰው ነው፤ ለእርሱ ልምምዱን መተው ቀላል ነገር አይደለምና።

ለጀማሪዎች ከተዘጋጁት የልምምድ ሥርዓቶች መካከል በዓለም እጅግ የታወቀው፥ ጆሽ ክላርክ የተባለ አሜሪካዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1996 ያወጣው የ9 ሳምንት ሥርዓት ነው። በሳምንት 3 ቀን ብቻ እያስሮጠ፥ መቀመጥ የለመደውን ሰው 5 ኪሎ ሜትር እስከ መሮጥ ያደርሳል። የመጀመሪያው ሳምንት ሕፃን እንኳ የሚችለው ነው፤ 5 ደቂቃ ፈጠን ብሎ ከተራመዱ በኋላ 60 ሴኮንድ ሶምሶማ፥ 90 ሴኮንድ ርምጃ እያፈራረቁ 20 ደቂቃ መፈጸም ነው። በአምስተኛው ሳምንት ግን ነገሩ ይለወጣል። በመጀመሪያው ቀን 5 ደቂቃ ሦስት ጊዜ፥ በሁለተኛው ቀን 8 ደቂቃ ሁለት ጊዜ ያስሮጥና፥ በሦስተኛው ቀን ያለ አንዳች ዕረፍት 20 ደቂቃ ሩጥ ይላል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ከዚህ ላይ ነው። ያልቻለ እንደ ሆነ ያንኑ ሳምንት ይድገም፤ ሦስት ጊዜም ቢደግመው ነውር የለውም። 9 ሳምንት የተባለው ምክር ነው እንጂ ዐዋጅ አይደለም። በ14 ሳምንት የፈጸመውም ሰው ያው 5 ኪሎ ሜትሩን ሮጧል።

ደግሞም ይህ ሥርዓት ለአዲስ አበባ ከፍታ ታስቦ የተጻፈ አይደለም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት፥ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው አየር ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ጀማሪው ትንፋሹ ሲያጥረው ተስፋ አይቍረጥ፤ ፍጥነቱን ይቀንስ። ልኩም ይህ ነው፤ እየሮጠ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዐረፍተ ነገር መነጋገር ካልቻለ ፈጥኗል። ጎኑን ውጋት የያዘውም ሰው ወደ ርምጃ ተመልሶ በረጅሙ ይተንፍስ፤ ጥቂት ቈይቶ ይለቀዋል። የታወቁት ሯጮች እንጦጦ ላይ ሲወጡ አይቶ በሁለተኛው ሳምንት እነርሱን የሚከተለውን ግን ምን እንበለው!

ከትንፋሽ ይልቅ የሚያሠጋው የእግር ነገር ነው። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንት ልምምድ ይበረታሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ጀማሪው «አሁንስ በረታሁ» ብሎ ፍጥነት የሚጨምርበት ጊዜ፥ ቅልጥሙ ገና ያልጸናበት ጊዜ ነው። ሕመሙንም ለይቶ ማወቅ ይገባል። ከሩጫ በኋላ ባለው አንድና ሁለት ቀን የሚሰማው፥ ሲንቀሳቀሱም እየለቀቀ የሚሄደው የጡንቻ ሕመም የሚያስፈራ አይደለም። በቅልጥም ላይ ሲሮጡ የሚብስ ሕመም ግን ዕረፍት ይጠይቃል። በጣት ሲነኩት አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚያም፥ ዐርፈው ሳሉ ወይም ሌሊት የሚሰማ ከሆነ ደግሞ አጥንቱ የተሰነጠቀ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ደረቱን ያመመው ወይም ራሱን ያዞረው ሰው በዚያው ሰዓት ያቁም፤ ወደ ሐኪምም ሳይዘገይ ይሂድ።

በዚህ ጊዜ አንዳንድ ሰው አበበ ቢቂላን ጠርቶ ይከራከራል። እውነት ነው፤ አበበ ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ጥገና ከወጣለት 40 ቀን ሳይሞላው፥ በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ጨርሶ አሸንፏል። ነገር ግን ያ ሰው ከ4 ዓመት በፊት በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ የወርቅ ሜዳልያ የተቀበለ፥ ሰውነቱ ለብዙ ዓመት የተገራ ሰው ነበር። ከወንበር ከተነሣ ገና ሁለት ወር ላልሞላው ሰው ይህን ምሳሌ ማቅረብ አይገባም ባዮች ነን።

ከልምምድ ለቀረ ሰው አስተያየታችን ይህ ነው። ከአንድ ሳምንት በታች የቀረ ካቆመበት ይቀጥል፤ እስከ ሁለት ሳምንት የቀረ አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ይመለስ፤ ከዚያ በላይ የቀረ ሁለትና ሦስት ሳምንት ወደ ኋላ ይመለስ። የቀረውን ቀን ለመካስ በአንድ ሳምንት ውስጥ አምስት ቀን መሮጥ ግን እግርን ማሳመም ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነ ልምምዱ ከእርሱ ጋር ሊገናኝ ይችላል። ያን ጊዜ የሚጾመው ሰው ወደ ላይ ለመውጣት ሳይታገል የደረሰበትን ሳምንት እየደገመ ይቈይ፤ ሩጫውንም ከጧት ይልቅ ወደ መብል ሰዓት ያስጠጋው።

የቤተ ሰብም ድርሻ ቀላል አይደለም። በማዕድ ላይ «ዛሬስ አልሮጡም?» ብሎ መሣቅ፥ ምንም እንኳ በፍቅር ቢሆን፥ ኀፍረትን ያበዛል፤ ያፈረ ሰውም ወይ ልምምዱን ይተዋል፥ ወይ ሕመሙን ሸሽጎ ይሮጣል። ሁለተኛው ከፊተኛው ይከፋል። ባልና ሚስት አብረው የጀመሩ እንደ ሆነ ደግሞ ፈጣኑ ሌላውን አይጐትት። ጥቂት ቀድሞ ይሂድና ዞሮ ይመለስ፤ ሲገናኙም እንደ ገና ይቅደም። በዚህ ዐይነት ሁለቱም እንደ ዐቅማቸው ሮጠው ወደ ቤታቸው አንድ ላይ ይገባሉ።