የአርባ ቀን ጺም

ሰሞኑን ከዚህ ገጽ ስጠፋ «ሽማግሌው ምን ነካው?» ያላችሁ እንደሆነ፣ አሜሪካ ነበርኩ። ልጃችን ሁለተኛዋን ስለ ተገላገለች ባለቤቴ አራስ ልትጠይቅ፣ እኔ ደግሞ ሻንጣ ልሸከም ሄድን።

ሻንጣዎቹ አራት ነበሩ። የእኔ ልብስ በአንደኛው ጥግ ተወትፏል፤ የቀረው በርበሬ፣ ሽሮ፣ የገንፎ ዱቄት፣ ድርቆሽና ቆሎ ነው። ልጃችን ስጋ ነክ ነገር ማስገባት ክልክል መሆኑን በስልክ ነግራን ነበር። ባለቤቴ ግን «ኳንታ ደርቋል እኮ፤ ስጋነቱ ቀርቷል» ብላ ከድርቆሹ ሥር ቀበረችው። ዋሽንግተን ስንደርስ ተቆጣጣሪው ጓንቱን አጥልቆ አወጣው። ባለቤቴ እስከ መኪናው ድረስ አላናገረችኝም። «ምግብ ይዛችኋል?» ስንባል «አዎ» ያልኩት እኔ ነበርኩና። እናንተም ብትሄዱ እውነቱን ተናገሩ፤ የተናገረ ሰው ኳንታው ቢወሰድበት ነው፣ የደበቀ ግን ቅጣትም አለበት። እግረ መንገዴን፦ የግፊትና የስኳር መድኃኒታችሁን በእጅ ቦርሳ ያዙ እንጂ ለሻንጣ አትስጡት። ጉዞው ከ15 ሰዓት በላይ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ እየተነሣችሁ በመተላለፊያው ወዲህ ወዲያ በሉ። ብዙ ሰዓት ተቀምጦ የዋለ እግር ደም ሊረጋበት ይችላል።

አገሩ ስንደርስ ያ ሁሉ ሸክም ለምን እንደ ነበር ገረመኝ። ጤፉን እዚያው አይዳሆ በሚባል ክፍለ ሀገር ያበቅሉታል። ከሁሉ የሳቅሁት ግን ዓሣ መሸጫው ላይ ነው። በበረዶ የደረቀ፣ በላስቲክ የታሸገ፣ ከቻይና የመጣ ዓሣ አየሁ። ላስቲኩ ላይ «ቲላፒያ» ይላል። አገላብጬ ሳየው የጣናው ቆሮሶ ነው! የእኛ እንፍራንዝ፣ ከባሕር ዳር ወደ ምዕራብ፣ ወንዙ ጣና የሚገባበት የደንገል አገር ነው። ቆሮሶን ከአጥንቱ ለይቼ መብላት የተማርኩት እዚያ፣ ከታላቅ ወንድሜ ነው። እሱ ደንገል አጭዶ፣ አድርቆ፣ በገመድ ጠፍሮ ታንኳ የሚሠራ ሰው ነበር። «ስመለስ ቆሮሶ ቻይና ደርሶ መጣ ብዬ አስቀዋለሁ» እያልኩ ወደ ቤት ገባሁ።

አልነገርኩትም። በዚያው ሰሞን ስልኬ ጠፋ። ባለቤቴ ዓይኗ ቀልቶ ስጠይቃት «ሽንኩርት ነው» አለችኝ። ሽንኩርቱ አራት ቀን ሙሉ ተከተፈ፤ ወጥ ግን አልቀረበም። በአምስተኛው ቀን ማለዳ በሩ ተንኳኳ። የማላውቃቸው ያገር ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ያን ጊዜ ገባኝ። ወንድሜ አርፎ፣ ተቀብሮ፣ ሰልስቱም አልፏል።

ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ ለስንቱ ቤተሰብ ክፉ ወሬ ነግሬአለሁ። ለእኔ መደበቃቸው አንገበገበኝ። ልጄ «አባዬ፣ ግፊትህን ፈርቼ ነው» ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። ምን እላታለሁ? ቢነግሩኝም ለቀብሩ አልደርስም ነበር። ድንኳን የለ፣ ዕድር የለ፣ ከጎኔ ተቀምጦ «አስታውሳለሁ፣ እንዲህ ያለ ሰው ነበር» የሚል የእንፍራንዝ ሰው የለ። በእጄ የቀረው ምላጩን ማስቀመጥ ብቻ ነበር። አስቀመጥኩት።

ጺሜ ነጭ ሆኖ፣ እንደ ጤፍ ገለባ ተንጨባርሮ በቀለ። የመጀመሪያው ሳምንት ማሳከኩ አይጣል ነው። የባሰው ግን ማንም ትርጉሙን አለማወቁ ነበር። እኛ ጋ ጺሙን ያሳደገ ሰው መንገድ ላይ ሲታይ «ማን ሞተበት?» ይባላል። እዚያ ግን ጎረቤታችን ፈረንጅ «አዲሱ መልክህ ያምራል!» አለኝ። እንግሊዝኛዬ ከመድኃኒት ስም ብዙም ስለማያልፍ አመስግኜው ገባሁ። አማቼም «ጺም እዚህ ፋሽን ነው» ብሎ ሊያጽናናኝ ሞከረ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ አውሮፓን ሲጎበኙ የጎጃሙ ራስ ኃይሉም አብረው ነበሩ። መኳንንቱ እስከነጺማቸውና እስከነካባቸው ሲሄዱ ያየ ፈረንጅም በጊዜው ያንኑ ብሎ ይሆናል።

የስድስት ዓመቱ የልጅ ልጄ ግን ዝም ብሎ አላለፈም። አንድ ቀን በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝ። ስፈታው መላጫ ነው! «አባባ፣ መላጫህ የጠፋብህ መስሎኝ» አለ። እናቱ ደንግጣ ልትወስደው ስትል ከለከልኳት።

«አልጠፋም። ይህ ጺም ለወንድሜ ነው። ሞቶብኝ ነው» አልኩት።

«እስከ መቼ?»

«እስከ አርባ ቀን።»

ሄዶ ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ለጠፈና የቀረውን ቀን በመስመር ጻፈ። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ አንድ መስመር ከመሰረዙ በፊት «ስለ እሱ ንገረኝ» ይለኝ ጀመር። ነገርኩት። ወንድሜ ጉማሬ አይቶ ታንኳውን ትቶ የሮጠበትን ቀን ነገርኩት። እኔ ትምህርት ቤት እንድገባ እሱ ከብት ጠባቂ ሆኖ መቅረቱንም ነገርኩት። ይህን ለገዛ ልጄም ነግሬአት አላውቅም ነበር። ዞር ስል ሕፃኗን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ታዳምጣለች። ልጁ ደንገል ቢያጣ የለስላሳ መጠጫ ቀሰሞችን በክር ጠፍሮ ታንኳ ሠራ። የእህቱን ካልሲ ጭኖ መታጠቢያው ገንዳ ላይ አስኬዳት። ተንሳፈፈች!

በአርባኛው ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄደን፣ ንፍሮ ቀምሰን ተመለስን። የሰጠኝን መላጫ አወጣሁ። አማቼ የራሱን ጥሩ መላጫ አቅርቦልኝ ነበር፤ አልተቀበልኩም። ምላጭ ከወንድምም ቢሆን አይዋዋሱም፤ የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ በደም የሚተላለፉ ናቸው። ልጁ መስታወት ይዞልኝ ቆመ። ጉንጬ ሲገለጥ ይስቃል ብዬ ስጠብቅ አኮረፈ።

«ምነው?»

«አሁን ስለ እሱ ማውራት አበቃ?»

እናንተዬ፣ ልጆች እንዳይደነግጡ ብለን ሞትን ከነሙታኑ እንሰውርባቸዋለን። ያ ልጅ የደነገጠው ወሬው ሊያልቅ ነው ብሎ ነበር። አላበቃም አልኩት። አሁን እኔ ከባሕር ዳር፣ እሱ ከዚያ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በስልክ እየተያየን እናወራለን። ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ቀን ሳልላጭ አገኘኝ። ዓይኑን እስክሪኑ ላይ ለጥፎ አየኝና «ትንሽ በቅሏል፤ በል ጀምር» አለኝ።

ቸር እንሰንብት።