ግድግዳ ሁሉ አንድ አይደለም

አባወራ ሲሞት «የቤቱ ምሰሶ ወደቀ» ተብሎ ይለቀሳል። የስብሰባ ዕቅድ ሁሉ «ምሰሶዎች» አሉት። ምሰሶ መባል የማያምረው የለም። ግድግዳን ግን ማን አወድሶት ያውቃል? ሐሜት ሲነሣ ጆሮ ከመስጠት በቀር ያተረፍንለት ነገር የለም።

እኔ የሠራተኛ ሰፈር ልጅ ነኝና ስለ ግድግዳ እሟገታለሁ። ከቤታችን ፊት ለፊት ከነበረች አሮጌ ፎቅ ምድር ቤቱን የተከራየ ነጋዴ ሰፊ መስኮት አማረውና ግንበኛ ጠርቶ ግድግዳውን አስፈረሰ። አባቴ «ኧረ ተው ልጄ!» ቢሉት፣ ግንበኛው «ምን ችግር አለ አባባ? ምሰሶ አልነካሁ፤ ግድግዳ ነው» አላቸው። ማታውኑ የፎቁ ወለል ጎበጠ፤ እላይ የሚኖሩት እናት ልጆቻቸውን ይዘው በሌሊት ወጡ። ሰው አልሞተም፤ ቤቱ ግን ሞተ።

ጥፋቱ የግንበኛው ብቻ አይደለም፤ የቃላችንም ነው። ዛሬ በሲሚንቶና በፌሮ በሚሠራ ሕንፃ ሸክሙ ከሶሌታ ወደ ቢም፣ ከቢም ወደ ኮለን፣ ከኮለን ወደ መሠረት ይወርዳል፤ በመካከል የተደረደረው ብሎኬት ከራሱ ክብደት በቀር ብዙም አይሸከምም። በጭቃ ቤትም ሸክሙ የእንጨቱ ነው፤ ጭቃው ልብስ ነው። ድሮ ሕንዶችና አርመኖች ፒያሳ ላይ የገነቡት የድንጋይ ቤት ግን ሌላ ነው። እዚያ ወፍራሙ ግድግዳ ራሱ ምሰሶ ነው፤ ወለሉም፣ ጣሪያውም፣ ሰዉም ያረፈው እሱ ላይ ነው። እኛ ግን ሦስቱንም «ግድግዳ» ብለን እናልፋለን።

«ኮለን የሌለው ቤት ምን ዋስትና አለው?» የሚሉ አዋቂዎችም ገጥመውኛል። ለመሆኑ የጎንደሩ የፋሲል ግንብ ከ300 ዓመት በላይ የቆመው በየትኛው ኮለን ነው? በ2016 ዓ.ም. በዶሮ ማነቂያና በአካባቢው አሮጌ ቤቶች በብዛት ሲፈርሱ፣ ሁሉም መቆየት ነበረበት አልልም። ጣሪያው አፍስሶ ውሃ ከገባ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ጭቃ ይታጠባል፤ ድንጋዩም ይላቀቃል። ይህ ግን ተመርምሮ የሚታወቅ በሽታ ነው እንጂ «ምሰሶ የለውም» ተብሎ የሚፈረድ ፍርድ አይደለም።

እንግዲህ አራዳ ነን የምንል ሰዎች ቃሉን እንለይ። አንዱን «ተሸካሚ ግድግዳ»፣ ሌላውን «ከፋይ ግድግዳ» እንበል፤ በፕላኑም፣ በኪራይ ውሉም፣ በግንበኛውም አፍ። ምሰሶ ነኝ ባይ ሞልቷል። ዝም ብሎ የተሸከመውን ግን መዶሻ ከማንሣታችን በፊት «በላይህ ማን አለ?» ብለን እንጠይቀው።