«ዜድ» የምትለዋ ፊደል ስንት ታወጣለች?

ዋሽንግተን ዩ ስትሪት ላይ ክትፎም፣ ቡናም፣ ሐዋላም ይገኛል። ማዘርቦርድ ግን አይገኝም። ኮምፒውተሩን በእጁ ሊገጣጥም ያሰበ ወጣት በአረንጓዴው መስመር ተሳፍሮ ጋለሪ ፕሌስ ይወርዳል፤ ወደ ቀዩ መስመር ቀይሮ ትዊንብሩክ ድረስ ይሄዳል። የማይክሮ ሴንተር የሮክቪል መደብር እዚያ አቅራቢያ ነው። የሲልቨር ስፕሪንጉ ልጅ ደግሞ ቀዩ መስመር እንደ ከዘራ እጀታ የተቆለመመ ስለሆነ፣ አባቱ በመኪና ካላደረሱት መሀል ከተማ ወርዶ እንደገና ሽቅብ መውጣት አለበት። ለአሌክሳንድሪያው የሚቀርበው የፌርፋክሱ ቅርንጫፍ ነው።

ጣጣው የሚጀምረው መደርደሪያው ፊት ነው። ሣጥኖቹ ዜድ 790፣ ቢ 760፣ ኤክስ 870፣ ቢ 650 እያሉ ተሰልፈዋል፤ ከሁሉ የሚያማምሩት ከ500 ዶላር በላይ ይጠየቅባቸዋል። አባትና ልጅ አብረው ከመጡ ወሬው ብዙ ጊዜ እንዲህ ይመስላል።

«የዚህና የዚያኛው ልዩነት ምንድን ነው?»

«አባዬ፣ ይሄኛው ኦቨርክሎክ ያስደርጋል።»

«ታደርገዋለህ?»

«አሁን እንኳን አይመስለኝም... ግን ቢኖር ምን ይጎዳል?»

የሚጎዳው ኪስን ነው። የኛ ሰው ለልጁ ሲገዛ «ትልቁን አምጣ» ማለት ይወዳል፤ ማዘርቦርድ ላይ ግን ትልቁ ስም ትልቅ ፍጥነት ማለት አይደለም።

ሣጥኑ ላይ ያለው ፊደልና ቁጥር ቦርዱ የተሸከመው ቺፕሴት ስም ነው። ቺፕሴት በአንድ ዘመን እውነተኛ አለቃ ነበር። ፕሮሰሰሩ ራም ዘንድ ለመድረስ እንኳ በእሱ በኩል ማለፍ ነበረበት። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2003 በአትሎን 64፣ ኢንቴል በ2008 በመጀመሪያዎቹ ኮር አይ 7ዎች የራም መቆጣጠሪያውን ወደ ፕሮሰሰሩ ሆድ አስገቡት። የግራፊክስ ካርዱም መስመር ኋላ ተከተለ። ዛሬ ለቺፕሴቱ የቀረው በአብዛኛው የዩኤስቢ፣ የዲስክና የኔትወርክ ጉዳይ ነው፤ እንደ ጡረታ የወጣ ሹም፣ ስሙ ከሥራው ይበልጣል። አንድ ዓይነት ፕሮሰሰርና አንድ ዓይነት ግራፊክስ ካርድ ቢ 650 ላይም ኤክስ 670 ላይም ቢገጠሙ፣ ጌሙ ላይ የሚታየውን ልዩነት ዓይን አይለየውም።

ኦቨርክሎክ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን ከተሸጠበት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ፣ ግን ባዶ ወሬ አልነበረም። በ1998 የወጣው ሴለሮን 300ኤ በ300 ሜጋኸርዝ ነበር የሚሸጠው። ባለ 440ቢኤክስ ቺፕሴት ቦርድ ላይ የገጠመው ሰው የሲስተም ባሱን ከ66 ወደ 100 ሲያነሳው፣ ብዙዎቹ ቺፖች ምንም ሳያጉረመርሙ 450 ላይ ይሠሩ ነበር። የግማሽ ጭማሪ፣ ያውም በነጻ! ያ ፍቅር ዛሬም አልበረደም፤ ትርፉ ግን መንምኗል።

በኋላ አምራቾቹ በሩን ዘጉና ቁልፉን መሸጥ ያዙ። በኢንቴል ቤት ፕሮሰሰር ለማፍጠን ሁለት ማህተም ያስፈልጋል፦ ስሙ ላይ «ኬ» ያለበት ፕሮሰሰርና «ዜድ» ያለበት ቦርድ። አንዱን ይዞ ሌላውን ያጣ ሰው ላም አለኝ በሰማይ ሆነበት ማለት ነው። ነገሩ የአቅም ሳይሆን የፈቃድ መሆኑ በ2015 መጨረሻ ላይ ፍንትው ብሎ ታይቷል። አስሮክን የመሳሰሉ የቦርድ አምራቾች «ኬ» የሌላቸውን የስካይሌክ ፕሮሰሰሮች የሚያፈጥን ባዮስ (ቦርዱን የሚያስነሳ ሶፍትዌር) አወጡ፤ ቺፖቹም ታዘዙ። ብዙ ሳይቆይ፣ በ2016 መጀመሪያ፣ አስሮክ ያንን አማራጭ አነሳው። ቺፑ አልደከመም፤ ማህተሙ ተነጠቀ እንጂ።

ኤኤምዲ በዚህ በኩል እጁ ፈታ ይላል። ከ2017ቱ ቢ 350 እስከ ቢ 650ና ቢ 850 ድረስ ያሉት መካከለኛ ቦርዶች ፕሮሰሰር ማፍጠንን ይፈቅዳሉ፤ እንደ ኤ 620 ያሉት ርካሾቹ ናቸው የሚከለክሉት። ይበልጥ የሚያስቀው በ2024 የወጣው ኤክስ 870 ነው። ቺፑ ከ2022ቱ ቢ 650 ቺፕ ጋር አንድ ነው። ዩኤስቢ 4 ግዴታ ሆነ፣ ግራፊክስ ካርዱ የሚሰካበትም መስመር ታደሰ፣ «ኤክስ» የሚል ስም ወጣለት። ጤፉ ያው ሆኖ ጆንያው ተቀየረ። ጌም ለሚጫወት ሰው ደህና ቢ 650 ወይም ቢ 850 ይበቃዋል፤ የተረፈው ገንዘብ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ይዋል።

ፈቃዱ ተገኘ እንበል። ምን ይተርፋል? አምራቾቹ ዛሬ ጭማቂውን ራሳቸው ጨምቀው ነው የሚሸጡት። በ2024 የወጣው ኮር አይ 9 14900ኬኤስ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ እስከ 6.2 ጊጋኸርዝ ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ ለመቶ ሜጋኸርዝ የሚታገል ሰው የሚያተርፈው በአብዛኛው ሙቀት ነው። በዚያው ዓመት የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ከመጠን ባለፈ ቮልቴጅ ሲጎዱ ተገኝተው፣ ኩባንያው ማስተካከያ ለቀቀ፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። የተጫዋቾች ወዳጅ የሆነው ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ ደግሞ እንደ ሌሎቹ ፍጥነቱን እንደ ልብ ከፍ የሚያደርጉት አይደለም፤ ጉልበቱ የተደረበለት 64 ሜጋባይት ካሽ ነው።

ማንም የማያወራለት ነጻ ፍጥነት ራሙ ውስጥ ተቀምጧል። 6000 ተብሎ የተገዛ ዲዲአር5 ራም ሣጥኑ ላይ ስለተጻፈ ብቻ 6000 አይሮጥም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ «ዲሊት» ተጭኖ ባዮሱ ይከፈታል፤ በኤኤምዲ ቦርድ «ኤክስፖ»፣ በኢንቴል «ኤክስኤምፒ» የሚለው ይበራል፤ ሴቭ ተደርጎ ይወጣል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ያላደረገ ሰው ብዙ ጊዜ ራሙን በ4800 እየነዳ ባለ 500 ዶላር ቦርዱን ያመሰግናል። ለዚህ ደግሞ ዜድ አያስፈልግም፤ ቢ 760ም፣ ኤ 620 እንኳ ይፈቅዳሉ።

ቦርድ ሲመረጥ ከፊደሉ ይልቅ የፕሮሰሰሩን ሶኬት ዙሪያ ማየት ይበጃል። እዚያ የተደረደሩት ትናንሽ ጥቋቁር ኩቦችና አጠገባቸው ያሉት ቺፖች ለፕሮሰሰሩ ኤሌክትሪክ የሚመጥኑት ናቸው። ቺፖቹ ወፍራም ብረት ከለበሱ መልካም፤ ራቁታቸውን ከሆኑ ግን ከባድ ፕሮሰሰር አይጫንባቸው። ይህን የሚወስነው ቦርዱን የሠራው ኩባንያ እንጂ ቺፕሴቱ አይደለም።

ሶኬቱ ራሱም ከፊደሉ በላይ ይቆጠራል። በ2017 ኤኤም4 ቦርድ ከገዙት ብዙዎቹ ባዮሱን አድሰው በ2022 የወጣውን የ5800ኤክስ3ዲ ፕሮሰሰር ሊገጥሙበት ችለዋል። ኤኤምዲ ለኤኤም5ም ቢያንስ እስከ 2027 ድጋፍ እንደሚሰጥ አስታውቋል።

የሶኬቱ ረጅም ዕድሜ የሚጠቅመው ደግሞ እንደ ሐበሻ ላለ ሰው ነው፤ የኛ ኮምፒውተር አርጅቶ አይጣልም። ከጥቂት ዓመት በኋላ በሻንጣ ተጠቅልሎ ለአክስት ልጅ አዲስ አበባ ይገባል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከዋሽንግተኑ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ያው ማራገቢያ እኩል እየዞረ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል፤ ብርዱ ጥቂት ቢክስም። ሲልቨር ስፕሪንግ ምድር ቤት ውስጥ ጫፍ ድረስ የተፈጠነ ማሽን እዚያ ሲደርስ ሊንገዳገድ ይችላል።

ሻንጣው ከመቆለፉ በፊት አባት የፓወር ሰፕላዩን ጀርባ ይመልከቱ። አዳዲሶቹ በአብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ሁሉ ራሳቸው ይቀበላሉ። አሮጌዎቹ ግን 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አላቸው። 115 ላይ እንደተቀመጠ አዲስ አበባ 220 ላይ የተሰካ እንደሆነ፣ ቦርዱ ዜድም ሆነ ቢ፣ የአክስት ልጅ መጀመሪያ የሚሰማው «ጧ!» የሚል ድምፅ ነው።