«ቀላል» የተባለ ጭንቅላት

ወዳጆቼ፣ ይቺ ጽሑፍ ትረዝማለች፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ተማሪዎቼ የነበራችሁ ደግሞ እንደ ድሮው ከኋላ ወንበር ማንቀላፋት ክልክል ነው።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት የሰፈራችን ልጅ ቤቴ መጣች። ልጅ ስል ሦስት ልጆች ያሏት እናት ናት፤ እኔ ግን ደብተር ተሸክማ ስትሄድ ስለማውቃት ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ይቺን ወረቀት እይልኝ» አለችኝ። ወረቀቷ አጭር ናት። «በደረሰብኝ የመኪና አደጋ ምክንያት ለሕክምናና ለልዩ ልዩ ወጪ 35,000 ብር ተቀብያለሁ፤ ከእንግዲህ በባለንብረቱም ሆነ በሾፌሩ ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» ትላለች። ከሥር የባሏ ፊርማ፣ ከዚያ የሦስት ሽማግሌዎች። የተፈረመው አደጋው በደረሰ በሰባተኛው ቀን ነው።

አደጋው የደረሰው ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ነው። ባሏ መርካቶ አንድ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ ይይዛል፤ ጠዋት ጠዋት ከፒያሳ በእግሩ ነው የሚወርደው። አንድ ሚኒባስ ወደ ኋላ ሲሄድ ገጨው። ሾፌሩ አላየም፣ ረዳቱ ተሳፋሪ እየጠራ ነበር። ግጭቱ ራሱ ያን ያህል አልነበረም፤ የከፋው ሲወድቅ ጭንቅላቱ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ማረፉ ነው። ራሱን ሳተ። ሰው እንደነገራት ሁለት ወይ ሦስት ደቂቃ። ውሃ ረጩበት፣ ነቃ፣ «ደህና ነኝ» አለ፣ ጫማውን ፈለገ። (መቼም እኛ አገር እግር ተቆርጦም ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ነው።) ሐኪም ቤት ወሰዱት፣ ሲቲ ስካን ተነሳ፣ ደም አልፈሰሰም ተባለ፣ አንድ ሌሊት አድሮ ወጣ። የመውጫ ወረቀቱ ላይ «ቀላል የጭንቅላት ጉዳት» ይላል።

ይኸው ስድስተኛ ወሩ። ሰውየው አምስትና ሰባትን ሲደምር ይቆማል። ሱቅ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሒሳብ አዛብቶ «እረፍት ውሰድ» ተብሎ ተሸኝቷል፤ እረፍቱ መቼ እንደሚያልቅ የነገረው የለም። ድምፅ ይረብሸዋል። በሕይወቱ ቁጣ የማያውቅ ሰው ትንሹን ልጁን በሳህን ወረወረው፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ሚስቱ ይህን ስትነግረኝ ወደ መሬት ነበር የምታየው። «ሰውየው ያው ነው ጋሼ፣ ግን እሱ አይደለም» አለችኝ።

እኔ ከውል ውጪ ኃላፊነትን ለብዙ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ነገር ግን እውነቱን ልናገርና «ቀላል» የምትለዋ ቃል ምን ያህል ሰው እንደምትበላ የገባኝ ከማስተማር ከወጣሁ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐኪሞች የጭንቅላት ጉዳትን የሚለኩበት ግላስጎ ኮማ ስኬል የሚባል መለኪያ አለ። በ1974 እ.ኤ.አ. ሁለት የግላስጎ ሐኪሞች ያወጡት ነው። በሽተኛው ዓይኑን ይገልጣል ወይ፣ ይናገራል ወይ፣ ሲታዘዝ እጁን ያንቀሳቅሳል ወይ ተብሎ ይታያል፤ ትንሹ 3፣ ትልቁ 15 ነው። ከ13 እስከ 15 ያገኘ «ቀላል» ይባላል፣ ከ9 እስከ 12 «መካከለኛ»፣ 8ና ከዚያ በታች «ከባድ»። ለድንገተኛ ክፍል ግሩም መሣሪያ ነው፤ ማን ቶሎ ወደ ቀዶ ሕክምና ይግባ የሚለውን ይነግራል። የሚለካው ግን ሰውየው በዚያች ሰዓት መንቃት አለመንቃቱን ነው። ከስድስት ወር በኋላ ሒሳብ መሥራት መቻል አለመቻሉን አይለካም። ሲቲ ስካኑም ቢሆን ደምና ስብራት ነው በደንብ የሚያሳየው፤ «ቀላል» በተባለው ጉዳት ብዙ ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ነው የሚወጣው።

ታዲያ ይቺ የሐኪም ቃል ወደ ፖሊስ መዝገብ ትሄዳለች። እዚያ ደግሞ ሌላ «ቀላል» ይጠብቃታል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከባድ የአካል ጉዳትን በ555፣ ቀላል የአካል ጉዳትን በ556 ይለያል፤ በቸልተኝነት የደረሰው 559 ላይ አለ። ሁለቱ «ቀላል»ዎች አይተዋወቁም። አንዱ የኮማ መለኪያ ነው፣ ሌላው የወንጀል ዓይነት ነው። ግን አማርኛችን አንድ ቃል ስለሰጣቸው ከሐኪም ወረቀት ወደ ፖሊስ፣ ከፖሊስ ወደ ሽማግሌ፣ ከሽማግሌ ወደ ዳኛ ስትተላለፍ አንድ ሆና ትቀራለች። ሽማግሌው «ሐኪሙም ቀላል ነው ብሏል» ይላል። ሚስትም ታምናለች። ማን ሐኪምን ይጠራጠራል?

ሕጉስ ምን ይላል? ሕጋችን በዚህ ነገር መጥፎ አይደለም፤ እንዲያውም ከጠበቃችሁት በላይ ለጋስ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ 2028 ላይ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይካስ ይላል። መኪና ሲሆን ደግሞ ጥፋት ማስረዳትም አያስፈልግም፤ 2081 ባለንብረቱን እሱ ባይነዳውም ባያጠፋም ኃላፊ ያደርገዋል። የተጎጂው ጥፋት ካለ ያ ለብቻው ይታያል። 2092 ደግሞ ወደፊት መድረሱ እርግጥ የሆነ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ እንዲካስ ይፈቅዳል። የጉዳቱ ልክ በትክክል ሊታወቅ ካልቻለስ? 2102 ዳኛው በርትዕ ይቁረጥ ይላል። ለጭንቅላት ጉዳት የተጻፈ እስኪመስል ድረስ! ፍርድ ቤቱ ካሳውን በአንድ ጊዜ በሚከፈል ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በየጊዜው በሚከፈል አበል ሊወስንም ይችላል። ይህ የመጨረሻው ሲሠራበት የማየው እጅግ ጥቂት ጊዜ ነው፤ ለምን እንደሆነ ዳኞች የሆናችሁ ተማሪዎቼ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ዕድሜ ልክ የሚቆይን ጉዳት በአንድ ቼክ መዝጋት ለማን ነው የሚመቸው?

አንድ የሚያሳፍር ነገር ግን አለ። የሕሊና ጉዳት ካሳ ጣሪያ። 2116 ከአንድ ሺህ ብር አይበልጥም ይላል። ይህ የተጻፈው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሁለት ብር ከሃምሳ ገደማ በሚመነዘርበት ዘመን ነው፤ ያኔ ገንዘብ ነበር። ዛሬ አንድ ሺህ ብር ለሁለት ሰው ክትፎ አይበቃም። ልጁን በሳህን ወርውሮ ያለቀሰ አባት፣ ባሏን ቤቷ ውስጥ ያጣች ሚስት፣ የነሱ ሐዘን ዋጋ በሕጋችን ይኸው ነው። ይህን ለመለወጥ አብዮት አያስፈልግም፤ አንድ ንዑስ አንቀጽ ነው።

ወደ ወረቀቷ ልመለስ።

ሽምግልናን የምጠላ አይደለሁም። የድልድዩ ስም የፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ነው፤ አባ መላ። በ1900 ዓ.ም. የምኒልክ የጦር ሚኒስትር ሆነው ተሹመው በ1919 እስኪሞቱ የቆዩ፤ ከጦርነቱ ይልቅ ግን ሕዝቡ እስካሁን የሚያወራላቸው በፍርድ ብልሃታቸው ነው። የዚህ አገር ሰው ነገርን ቁጭ ብሎ፣ ተነጋግሮ፣ ተማምኖ መጨረስ ያውቅበታል። እጅ የተሰበረ እንደሆነ እሰየው፣ ሽማግሌ ያስታርቅ፤ እጁ በጄሶ ይታያል፣ ሁሉም የሚታረቀው ምን ላይ እንደሆነ ያውቃል። ጭንቅላት ግን በሰባተኛው ቀን ምን እንደተሰበረ ራሱ አያውቅም። እርቁ የተደረገው በማይታወቅ ነገር ላይ ነው።

ክፋቱ ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ስምምነት ቀልድ አይደለም። በ3307 መሠረት ክርክርን በስምምነት መጨረስ ውል ነው፤ 3312 በተዋዋዮቹ መካከል የመጨረሻ ፍርድ ያህል ኃይል ይሰጠዋል። ባለሚኒባሱ ነገ ፍርድ ቤት ቢጠራ መጀመሪያ የሚያወጣው ይቺን ወረቀት ነው። (ሰውየው ክፉ አይደለም፤ እሱም መኪናዋን በብድር የገዛ ነው፣ በሽተኛውን ሁለት ጊዜ ጠይቆታል።)

እኔ መከራከሪያ አይጠፋኝም። መብት የተተወበት ቃል በጠባቡ ይተረጎም ማለት ይቻላል፤ 35,000ው «ለሕክምናና ለወጪ» እንጂ ለጠፋ ሥራና ለጠፋ ዕድሜ አልተከፈለም ማለት ይቻላል። ሌላም አለ፤ ከሁሉ የሚጠነክረው። 1678 ውል ይጸና ዘንድ ጉድለት የሌለበት ፈቃድ ይፈልጋል። በሰባተኛው ቀን፣ ራስ ምታት እያዞረው፣ ጠዋት የበላውን እየረሳ የፈረመው ሰው ፈቃዱ ሙሉ ነበር ወይ?

ይህን ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ «ፍርድ ቤት ቆሜ ባሌ አእምሮው ልክ አይደለም ልበል? ልጆቹ ነገ ምን ይባላሉ?» አለችኝ።

ለሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ሕግ ለዚህ መልስ የለውም። ቋንቋችንም አላገዘንም። በጤነኛና በ«እብድ» መካከል ላለው ሰፊ ቦታ ቃል አልሰጠንም፤ ባሏ ያለው እዚያ ቦታ ላይ ነው። ራሱ ታክሲ ይሳፈራል፣ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፣ ከሰው ጋር ይስቃል። ዳኛ ፊት ቢቆም አሥር ደቂቃ ጥሩ አድርጎ ይናገራል፤ ጉዳቱ ያለው በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ነው። «ቆንጆ ሰው ነው፣ ምን ሆነ?» ይባላል። የማይታይ ጉዳት ያለበት ሰው ካሳ ለማግኘት ክብሩን መጀመሪያ መክፈል አለበት፤ ከዚህ የከፋ የዳኝነት ክፍያ አላውቅም።

የነገርኳት ነገር ይኼ ነው፤ ለናንተም ይሁን፣ ማን ያውቃል።

መጀመሪያ፣ ጊዜ አለ፣ ግን ብዙ የለም። የካሳ ጥያቄ ይርጋው በ2143 ሁለት ዓመት ነው፣ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከዚያ ከረዘመ ረጅሙ ይሠራል፤ ግን በዚህኛው ተስፋ አድርጋችሁ አትተኙ፣ ሁለት ዓመት ብላችሁ ቁጠሩ። ሾፌሩ በወንጀል ነጻ ወጣ ማለትም ካሳ ቀረ ማለት አይደለም፤ 2149 የፍትሐ ብሔሩ ዳኛ በዚያ አይታሰርም ይላል። ስንት ሰው «ነጻ ወጥቷል እኮ» ተብሎ ከደጅ ተመልሷል መሰላችሁ። ለዳኝነት ገንዘብ የሌለው በደሃ ደንብ መክሰስ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ደብተር ግዢ አልኳት። በየቀኑ ሁለት መስመር። ምን ረሳ፣ መቼ ተቆጣ፣ ስንት ሰዓት ተኛ። ዳኛ በርትዕ የሚቆርጠው ከባዶ ሜዳ አይደለም። ከሱቁ ደግሞ ደብዳቤ፤ ከአደጋው በፊት ስንት ዓመት ያለ ስህተት እንደሠራ፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደሆነ። አብሮት የሠራ ሰው ምስክርነት እኔ ዘንድ ከሲቲ ስካኑ ይበልጣል። የነርቭ ሐኪም ዘንድ ተመልሶ የማስታወስና የማሰብ ችሎታው ይመርመር፤ አዲሱ ወረቀት ላይ «ቀላል» ከተጻፈ ሐኪሙን «ምኑ ነው ቀላል?» ብላችሁ ጠይቁት። አታፍሩ። ጥሩ ሐኪም አይቆጣም።

ኢንሹራንሱን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። በሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ፣ በ799/2005፣ ለአካል ጉዳት የተቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። ሽማግሌዎቹ 35,000 ላይ የደረሱት ይህንን ቁጥር ሰምተው ይመስለኛል። ጣሪያው ግን የኢንሹራንሱ ነው፣ የጉዳቱ አይደለም። ከዚያ በላይ ያለው በፍትሐ ብሔሩ ከባለንብረቱ ይጠየቃል።

መኪና ካልሆነስ የምትሉ ትኖራላችሁ። ፒያሳ ከ2016 ጀምሮ ፈርሳ እየተሠራች ነው፤ ጉድጓዱም መወጣጫውም ብዙ ነው። ከፎቅ የወደቀ ሠራተኛ ከሆነ መንገዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው፤ እዚያ የአሠሪው ጥፋት አይጠየቅም፣ ሙሉ በሙሉ ከሥራ ለወጣ ሰው የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው። ክዳን የሌለው ጉድጓድ ውስጥ የገባ እግረኛ ግን ቸልተኝነቱን ማስረዳት አለበት፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ጉድጓዱ የማን እንደሆነ ማወቅ። እሱ ሌላ ጽሑፍ ነው፣ ሌላ ቀን።

ልጅቷ ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ይክሰሱ አይክሰሱ ገና አልወሰኑም፤ ባሏም ይጠየቅ፣ ጭንቅላቱ የሱ ነው። ደብተሩን ግን ገዝታለች፣ ባለ 32 ገጽ፣ የልጆቹ ዓይነት። ማክሰኞ ነርቭ ሐኪም ዘንድ አብሬያቸው እሄዳለሁ።

በችሎትም በሕክምናም በዚህ ጉዳይ ያለፋችሁ፣ በተለይ ከተፈረመ እርቅ በኋላ ካሳ ያገኘ ሰው የምታውቁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የማንንም ስም እዚህ አትጥሩ።