ኮሪያ ከመሄዳችሁ በፊት ኮሪያ ሰፈር ድረሱ

ኅዳር በገባ ቁጥር በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፦ «ኮሪያ ልሄድ ነው፤ ምን ልልበስ? የትስ ልሂድ?» ጠያቂው አንዴ በኮይካ ሥልጠና የሚሄድ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ አንዴ ነጻ የትምህርት ዕድል ያገኘ ወጣት፣ አንዴም ዕቃ ሊያመጣ ያሰበ ነጋዴ። ለየብቻ ከምመልስ አንዴ እዚህ ልጻፈው። መልሴ ግን ከሴኡል አይጀምርም፤ ከየካ ነው የሚጀምረው።

ከእንጦጦ ግርጌ፣ በየካ ክፍለ ከተማ፣ ኮሪያ ሰፈር የሚባል መንደር አለ። ከጦርነቱ የተመለሱ የቃኘው ዘማቾች መሬት ተሰጥቷቸው የሰፈሩበት ነው። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከክቡር ዘበኛ ተውጣጥቶ፣ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ እየተመራ፣ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. በጅቡቲ በኩል በመርከብ ቡሳን ገባ። ስሙ ከራስ መኮንን የፈረስ ስም ከአባ ቃኘው የተወሰደ ነው። በተከታታይ ከዘመቱት ሻለቆች ከ120 በላይ ሞተዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል፤ አንድም ሰው አልተማረከም። ከዚያ 1966 መጣ። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር በተወዳጀበት ዘመን የቃኘው ዘማችነት የሚኮሩበት ሳይሆን የሚደብቁት ሆነ። ዛሬ በሕይወት ያሉት ዘጠናን የተሻገሩ ጥቂት አዛውንት ናቸው።

እነዚህ ሰዎች የኮሪያን ብርድ በምሽግ ውስጥ ሆነው አሳልፈውታል። ስለ ልብስ ከእነሱ የተሻለ የሚመክር የለም።

የእኛ ሰው በብርድ ላይ አጉል ጀግና ነው። «የደጋ ልጅ ነኝ፣ የኮሪያ ብርድ ምን ያደርገኛል» ይላል። እርግጥ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጩ ቀልድ አይደለም፤ ጎህ ሲቀድ ለሩጫ የሚወጡት ያውቁታል። ነገር ግን የእንጦጦ ብርድ ሰዓቱን ያውቃል። ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ጀርባችሁን ስትመታ ጃኬታችሁን አውልቃችሁ ወገባችሁ ላይ ታስሩታላችሁ። የኮሪያው ደረቅ ነፋስ ይዞ ይመጣና አብሯችሁ ይውላል። በእኛ ኅዳር መጀመሪያ ሴኡል ቀን ላይ 10 ዲግሪ ገደማ ትሆናለች፤ ሌሊት ወደ ዜሮ ትጠጋለች፤ ወሩ ሲገፋ ከዜሮ በታች መውረዷ ብርቅ አይደለም። በተራራና በሐይቅ የተከበበችው ቹንቾን ደግሞ ትብሳለች። «መኸር ነው አሉኝ» ብላችሁ እንዳትሸወዱ። የእኛ መኸር አጨዳና ፀሐይ ነው። የእነሱ መኸር ሲገባደድ በፎቶ ያያችሁት ቀይና ቢጫ ቅጠል እንኳ አብዛኛው ረግፏል።

ስለዚህ አንድ ትልቅ ካፖርት ገዝታችሁ ከሥሩ ቲሸርት ብቻ አትልበሱ። ባቡሩም፣ ምግብ ቤቱም፣ መማሪያ ክፍሉም በጣም ይሞቃል፤ በካፖርቱ ታልባችሁ፣ ላባችሁ ሳይደርቅ ውጭ ስትወጡ ብርዱ ይብስባችኋል። ደራርቡ። ገላ ላይ የሚለጠፍ ረጅም የውስጥ ልብስ፣ በላዩ ሹራብ፣ በላዩ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት። ሾላ ገበያ ሰልባጅ ተራ ዓይኑ የሰላ ሰው ጥሩ የክረምት ጃኬት አያጣም፤ ለሁለት ሳምንት ጉዞ ብሎ አዲስ መግዛት ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል። ኮፍያ፣ ጓንት፣ የአንገት ልብስ፣ ለከንፈርና ለእጅ ቫዝሊን። ሲነቀነቅ የሚሞቅና ኪስ ውስጥ የሚያዝ ከረጢት በየትናንሽ ሱቁ ስላለ ከዚህ አትሸከሙ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ የምትሄዱበትን ልብስ በሙሉ ለብሳችሁ እንጦጦ ውጡና ለአንድ ሰዓት ያህል ሳትሮጡ ቁሙ። እዚያ ከተንቀጠቀጣችሁ ልብሱ ለኮሪያ አይሆንም።

ጫማ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቤት ስትገቡ፣ አንዳንድ ምግብ ቤትም፣ ጫማ ይወልቃል። ወለሉ ኦንዶል በሚሉት ዘዴ ከሥር ስለሚሞቅ ሰው መሬት ላይ ይቀመጣል። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚታሰር ቦት አድርጋችሁ በር ላይ ስትታገሉ ሰው ቆሞ ይጠብቃችኋል። ካልሲው ደግሞ የተቀደደ አይሁን፤ ጠባብ ጂንስም መሬት ላይ ያሠቃያል። በቀረው ሥነ ሥርዓት ግን ደስ ይበላችሁ፣ ቤት ያስተማራችሁ ይበቃል። ለታላቅ ሰው ዕቃ ሲሰጥ በሁለት እጅ ወይም ቀኝ ክንድን በግራ ደገፍ አድርጎ ነው። ታላቅ ሳይጀምር ማዕድ አይነካም። ጉርሻውን ብቻ ተዉት።

ለጾመኛ ነገሩ ጠበቅ ይላል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ ያኔ ኮሪያ ውስጥ ቤተሰብ ተሰብስቦ ለክረምት የሚሆን ኪምቺ የሚያዘጋጅበት ወቅት ነው። ኪምጃንግ ይሉታል፤ ዩኔስኮም በፈረንጆቹ 2013 መዝግቦታል። ብታዩት እኛ ጋ ጎረቤት ተጠራርቶ በርበሬ የሚቀነጥሰውን ያስታውሳችኋል። ግን ኪምቺ አትክልት ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ብዙውን ጊዜ የዓሣ መረቅ ወይም በጨው የተቀመመ ሽሪምፕ አለበት። የቡድሃ ገዳማት ምግብ ሥጋ የለበትም፤ ቢቢምባፕ የሚባለውን ሩዝና አትክልት ደግሞ «ያለ ሥጋ፣ ያለ እንቁላል» ብላችሁ እዘዙ።

አሁን ወደ ዋናው። አብዛኛው ተጓዥ ሚዮንግዶንግ ገብቶ፣ ስልክና የፊት ቅባት ገዝቶ ይመለሳል። መግዛቱን አልቃወምም፣ እኔም እገዛለሁ። ግን ከሴኡል በባቡር ከአንድ ሰዓት ብዙም ያልራቀችውን ቹንቾንን ሳያይ የሚመለስ ኢትዮጵያዊ ያናድደኛል። የኢትዮጵያ ዘማቾች ሐውልት እዚያ ነው፤ በ1960 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ተመርቋል። በማግሥቱ ዓመት አጠገቡ የተከፈተው «የኢትዮጵያ ቤት» የተባለው ቡና ቤት ዛሬም ቡና ይሸጣል። በፈረንጆቹ 2007 የተከፈተው መታሰቢያ አዳራሽ ጣሪያው እንደ ጎጆ ቤት ሦስት ክብ ሆኖ ተሠርቷል። በኅዳር ፀሐይ ከቀኑ 11 ሰዓት ከሩብ ገደማ ትጠልቃለች፤ በጠዋት ውጡ። ሐውልቱ ፊት ስትቆሙ በጃኬታችሁ ላይ ነጠላ ደርቡ። ይህን የምለው ለፎቶ አይደለም።

ቡሳን የምትደርሱ ካላችሁ ኅዳር 2 ቀን በእነሱ አቆጣጠር ኖቬምበር 11 ነው። በዚያ ቀን ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ፣ እዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ማለት ነው፣ ሰው ወደ ተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ዞሮ ለአንድ ደቂቃ በዝምታ ይቆማል። የእኛዎቹ እዚያ የሉም። አስከሬናቸው ተመልሶ አዲስ አበባ፣ ቅድስት ሥላሴ አርፏል። ይህን ሳያውቅ እዚያ የኢትዮጵያዊ መቃብር የሚፈልግ ሰው እንዳይኖር ነው የምጽፈው።

አንዳንዱ «ታሪክ ዳቦ አይሆንም» ይለኛል። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ታሪኩን እንደ ብድር ወረቀት ይዞ ይሄዳል፤ «አባቶቻችን ሞተውላችኋል» እያለ ቪዛና ሥራ ይጠይቃል። ሁለቱም አይጥሙኝም። አንድ ሽማግሌ ኮሪያዊ ከየት እንደመጣችሁ ጠይቆ፣ ሲሰማ ጎንበስ ብሎ ቢያመሰግናችሁ፣ ስለ ምን እንደሆነ ሳታውቁ ፈገግ ብላችሁ ማለፍ ያሳፍራል። ለተጓዥ ገለጻ የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶቻችን ስለ አበልና ስለ ቪዛ ከሚያወሩት ላይ አንድ ሰዓት ቀንሰው ሠልጣኙን የካ ቢወስዱት ምን ይጎድልባቸዋል? የኮሪያ እንግዶች ባሕር ተሻግረው የሚጎበኙትን መንደር እኛ በሚኒባስ መድረስ አቅቶናል።

ስለዚህ ትኬት ቆርጣችሁ፣ አየር መንገዳችን ወደ ኢንቾን ከማድረሱ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ስኳርና ቡና ይዛችሁ ኮሪያ ሰፈር ሂዱ። «አባባ፣ ብርዱን እንዴት ቻላችሁት?» በሉና ጊዜ ስጧቸው፤ በዚያ ዕድሜ ወሬ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ስትመለሱም የሐውልቱን ፎቶ በስልክ ከማሳየት አሳጥባችሁ ውሰዱላቸው፤ ከዚያው ከኮሪያ አንድ ሁለት ጥንድ ወፍራም ካልሲ ጨምሩበት፤ የየካ ጠዋት በዚህ ወር ለዘጠና ዓመት ጉልበት ይከብዳል።