በሆራ አፋፍ የቀረበ ዓሣ

በ2017 ዓመተ ምሕረት የካቲት 23 ቀን የዓድዋ በዓል ከቅድስት እሑድ ጋራ ስለ ገጠመ (የ1888ቱም ድል በእሑድ ቀን ነበረ) ቤተ ሰባችንን ይዘን ከጉለሌ ወደ ቢሾፍቱ ወረድን። ከሆራ ሐይቅ አፋፍ ካለ ምግብ ቤት ተቀምጠን፥ ጥንት እሳተ ገሞራ በከፈተው ጕድጓድ ውስጥ የተኛውን ውሃ ቍልቍል እየተመለከትን፥ ደስታችን አስቸኰለንና ማንንም ሳንጠይቅ ለሰባት ሰው የተጠበሰ ቆሮሶ አዘዝን።

ሳሕኑ ሲቀርብ እናታችን እጃቸውን ሰበሰቡ። ልጆቹ፥ «ዓሣ እኮ የጾም ነው» ብለው ተከራከሩ፤ ይህ ክርክር በየቤቱ እንዳለ አንባቢ ያውቃል። እኛም ነገሩን ማብረድ ሲገባን ከልጆቹ ጋራ ሆነን ተሟገትን፤ ጥፋቱ የኛ ነው። እሳቸው ግን መልስ ሳይሰጡ ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን የሽምብራ ቆሎ ፈትተው ይቈረጥሙ ጀመር። ታናሺቱ ልጃችን ዓሣዋን ትታ ወደ እሳቸው ሄደችና እጇን ዘረጋች። ያን ጊዜ ዐፍረን አሳላፊውን ጠራንና ሽሮ አዘዝን።

እናታችንም ሐይቁን እያዩ፥ «አገሩስ ያምራል፤ ለፋሲካ መልሰህ አምጣኝና ዓሣውን አብረን እንበላለን» አሉ።

ፋሲካው ሚያዝያ 12 ቀን ይውል ነበርና፥ ቀጠሮውን እዚያው ጻፍነው።