የማሽላው ስምና የከያኒው ዕዳ

ገበሬ ከሥዕል ሸራና ከመድረክ ታጥቶ አያውቅም። ጥንድ በሬው፣ ሞፈርና ቀንበሩ፣ የአውድማው ጭፈራ በየትርዒቱ ይታያሉ። የማይታየው ዕውቀቱ ነው። ከያኒው የገበሬውን ክንድ ያወድሳል፤ መምህሩ «ልማዳዊ» በምትል አንዲት ቃል ሥራውን ይደመድማል፤ ካድሬው ምርቱን በኩንታል ይቆጥራል። ከሦስቱ ገበሬውን ጠይቆ የተረዳ ግን ስንቱ ነው?

ለዚህ የወሎ ማሽላ በቂ አብነት ነው። ገበሬው አንዱን ዘር «ወተት በጉንጬ»፣ ሌላውን «ማርጩቄ» ብሎ ሰይሟል። የከተማ ሰው እነዚህን ስሞች ሲሰማ ፈገግ ብሎ ያልፍ ይሆናል። ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በ1973 የውጭ አገር ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ በሺህ የሚቆጠሩ የማሽላ ናሙናዎችን መርምረው፣ ላይሲን በተባለው ገንቢ ንጥረ ነገር እጅግ የላቁ ሆነው ያገኟቸው ሁለት ዝርያዎች ከኢትዮጵያ የሄዱ ነበሩ። የእነዚህ ዓይነቶች ፍሬ የተጨማደደ፣ ምርታቸውም አነስተኛ ነው። በኩንታል ቢመዘኑ የሚጣሉ ናቸው። ገበሬው ግን ከሌላው ማሽላ ጋር አሰባጥሮ እየዘራ፣ ፍሬው ሳይጠነክር እሸቱን እየጠበሰ ከትውልድ ወደ ትውልድ አቆይቷቸዋል። ቤተ ሙከራ በመሣሪያ የደረሰበትን እርሱ በምላሱ ቀድሞ ደርሶበት፣ በሁለት ቃል ቋጥሮ ለልጆቹ አስተላልፎታል። ይህ ድርሰት ካልሆነ ድርሰት ምንድን ነው?

ይህ ሲባል የተሻሻለ ዘር ለምን ገባ ማለት አይደለም። ማሳ በየትውልዱ እየተሸነሸነ በጠበበበት፣ ዝናብም ወቅቱን በሚያዛባበት ዘመን ብዙ ፍሬ የሚሰጥ ዘር የሚሻ ገበሬ አይወቀስም። የሚያስወቅሰው አዲሱ ሲገባ ነባሩን ሳይመዘግቡ መጣል ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ለዘር የተቀመጠ እህል ጭምር ለነፍስ ማቆያ ተበልቷል። እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የዘር ባንክ ያን ጊዜ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ታይቷል። ዶክተር መላኩ ወረደም ዘር በገበሬው ማሳ ላይ ጭምር እንዲጠበቅ ባደረጉት ጥረት እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል።

ሆኖም ማቀዝቀዣ ቤት ፍሬውን እንጂ ጣዕሙን የሚያውቀውን ምላስ አያስቀምጥም። ለዘር የሚሆነውን ዛላ የመምረጥ ብልኀት፣ ከምድጃ በላይ በጭስ የማቆየት ዘዴ፣ ስሙና የስሙ ምክንያት በሰው አፍና እጅ ብቻ የሚኖሩ ናቸው። አንድ አዛውንት ሳይጠየቁ ባለፉ ቁጥር ከእነዚህ አንዱ አብሮ ይቀበራል።

እንግዲህ ሥራው የባለሙያው ብቻ አይደለም። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደየወላጆቻቸው ልኮ የዘር ስሞችን ከነትርጉማቸው ያስመዝግብ። ካድሬው በሪፖርቱ ውስጥ ከኩንታሉ ጎን የዘሩን ስም ያስፍር። ሠዓሊውም ከበሬዎቹ ጀርባ ያለውን ሰው፣ ዛላ ከዛላ እያስተያየ ሲመርጥ ይሣለው። ገበሬው ውዳሴ ጠግቧል፤ የቀረበት የሚጠይቀው ሰው ነው።